ዕዳው የጋራ፣ ስሙ የማን?

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል። የአሜሪካ የብድር መዝገብ ግን በአንድ ማድጋ አያስቀምጣቸውም። እዚያ አገር ሁለት ሰዎች ቢጋቡ፣ ቤት ቢያቋቁሙ፣ የባንክ ሒሳባቸውንም ቢያቀላቅሉ የብድር ታሪካቸው እንደተለያየ ይኖራል። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉት ሦስቱ የብድር መረጃ ድርጅቶች ፋይል የሚከፍቱት ለግለሰብ እንጂ ለትዳር አይደለም።

«ታዲያ ይህ ለመርካቶ ነጋዴ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ልጁን ወይም እህቱን ድሮ ወደ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሸኘ ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የክሬዲት ካርድ ነገር ዞሮ ዞሮ የዱቤ ነገር ነው። ዱቤ ደግሞ በስም የሚኖር መሆኑን ለነጋዴ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ከአዲስ አበባ የሄደች ሙሽራ እዚህ ያፈራችው የንግድ ስም፣ በዕቁብ ያተረፈችው እምነት፣ ከባንክ ጋር የነበራት ንጹሕ ግንኙነት አብሯት ባሕር አይሻገርም። በዚያ አገር አበዳሪ ዓይን ባዶ ወረቀት ናት። በስፋት የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ 35 በመቶ ያህሉ ክፍያን በወቅቱ በመፈጸም፣ 30 በመቶ ያህሉ ባለው የዕዳ መጠን፣ 15 በመቶ ያህሉ በታሪኩ ዕድሜ ይሰላል። ታሪክ የሌላት ሴት በምን ትመዘን? በኢኮኖሚክስ የመረጃ ጉድለት የምንለው ይህንን ነው። ተበዳሪዋ መጥፎ ሆና ሳይሆን አበዳሪው ስለማያውቃት ብቻ ትከለከላለች፤ ካልሆነም ከፍ ያለ ወለድ ትከፍላለች።

ለዚህ መላው አለ። ባል በራሱ ካርድ ላይ ሚስቱን ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርጎ ያስመዘግባል። ዕዳውን ለባንኩ የሚከፍለው ባለካርዱ ነው፤ የካርዱ ታሪክ ግን በእርሷም ፋይል ላይ ይሰፍራል። ይህ እንዲሁ በባንኮች ደግነት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ ድረስ ባለትዳር ሴት በራሷ ስም ብድር ስትጠይቅ «የባልሽን ፊርማ አምጪ» መባሏ የተለመደ ነበር። የከፈለችው ሁሉ በእርሱ ስም ስለሚመዘገብም፣ ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ ከዜሮ ትነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የእኩል የብድር ዕድል ሕግ በፆታና በጋብቻ ሁኔታ ምክንያት ማግለልን ከለከለ። የማስፈጸሚያው ደንብም ሁለቱ ተጋቢዎች የሚጠቀሙበት ሒሳብ ለመረጃ ድርጅቶች ሲተላለፍ በሁለቱም ስም እንዲሆን አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዕድሜው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ አመልካች፣ ደመወዝ ባይኖረውም እንኳ፣ ሊጠቀምበት የሚችለውን የትዳር ጓደኛውን ገቢ በካርድ ማመልከቻው ላይ እንዲያስቆጥር ተፈቀደ።

ይሁንና የተዋሱት ስም ሁልጊዜ አያዋጣም። ባል ክፍያ ቢያዘገይ ጥፋቱ በሚስትም ፋይል ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ነቁጥ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። ሚስት ያለ ልክ ብታወጣም ከፋዩ ባል ነው። ሁለቱም ባለዕዳ ሆነው የሚፈርሙበት የጋራ ካርድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ትዳሩ ፈርሶ ፍርድ ቤት «ይህን ዕዳ እርሱ ይክፈል» ብሎ ቢወስን እንኳ ውሳኔው ባንኩን አያስርም፤ እርሱ ካልከፈለ ባንኩ እርሷን ይይዛል። ካሊፎርኒያንና ቴክሳስን በመሰሉ ዘጠኝ ግዛቶች ደግሞ በትዳር ውስጥ የተገባ ዕዳ፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም፣ በመርሕ ደረጃ የጋራ ተደርጎ ይታያል።

ስለዚህ በእኔ እምነት የትዳር ጓደኛ ስም ለመነሻ እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም። ካርዱ ላይ ይመዝግባት፤ ፋይሏ ነፍስ ሲዘራ ግን ትንሽም ብትሆን በራሷ ስም ካርድ ታውጣ። ሚስት ቀድማ ሄዳ ባል የተከተላት እንደሆነም ምክሩ ያው ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። በአንቀጽ 70 መሠረትም ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ነው። ባንኮቻችን የጋብቻ ማስረጃና የሚስት ፊርማ ካልቀረበ ወደ መያዣው የማያልፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ዕዳን በማጋራት ረገድ እንግዲህ የሚቀረን የለም።

ጥያቄው ስሙስ? የሚለው ነው። ሚስት ፈርማለች፤ ሱቁ ውስጥ ቆማ ሸጣለች፤ ብድሩ ተከፍሎ አልቋል። ነገ ባሏ ቢሞት ወይም ቢለያዩ፣ ጅምላ አከፋፋዩ በማን ስም ዕቃ ይለቅላታል? ባንኩስ «የእኛ ደንበኛ ናት» ይላታል? ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አቋቁሟል፤ ባንኮችም ከማበደራቸው በፊት ይጠይቁታል። ሁለት ሰው ለፈረመበት ብድር፣ በጥሩ ሁኔታ መከፈሉ በሁለቱም ስም የሚቆጠርበት ግልጽ ደንብ ሊኖር ይገባል። ሲቀማ የጋራ የሆነ ሲመሰገንም የጋራ ይሁን።

መንግሥትና ባንክ እስኪያስቡበት ግን ነጋዴው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር መላን የመሰለ ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር ልኩ የሚሰላው በደንበኛው የራሱ እንቅስቃሴ ነው። የሱቁ ገንዘብ በሙሉ በባል ስልክ ከገባና ከወጣ ሚስት ለማሽኑም ባዶ ወረቀት ናት። ከሽያጩ የተወሰነው በእርሷ ቁጥር ይግባ፤ ከአከፋፋዮች ጋር ካለው ዱቤ ጥቂቱ በእርሷ ስም ይጻፍ፤ በእርሷም እጅ ይከፈል። «ገንዘብ ሁለት ቦታ ከተያዘ ቤት ይፈርሳል» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ቤቱን ይልቅ የሚያፈርሰው ዱቤው ሁሉ በአንድ ሰው ስም ተይዞ ያ ሰው የታጣ ዕለት ነው።