ዘይት ለተቀጣጠለበት ማጀት፦ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ

ረመዳን ሲገባ የእህቶቻችን ማጀት ከዐስር እስከ መግሪብ እረፍት የለውም። በአንድ በኩል ሾርባ፣ በሌላ በኩል ሳምቡሳ። እንደ ቡሌ ባለ ብርዳማ ደጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው በርና መስኮት ተዘግቶ ነው። ዘይት ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲፈስ ይቀጣጠላል። አላህ ብሎ እሳቱ ቢጠፋ እንኳ፣ አዛን ሳይደርስ ለመጨረስ ሲባል ቤቱ ሳይናፈስና ምድጃው ሳይቀዘቅዝ ጽዳት ይጀመራል። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ የዚያን ቀን ማፍጠሪያችን ተምርና ውሃ ቢሆን ምንም አንጎድልም፤ ጽዳቱ ይቆይ።

በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ በፍጹም አይደፋም። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ሥር ይሰምጥና በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። መጠኑም ከ1,600 እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ የሚነደውን ዘይት እስከ ጣሪያ ይረጨዋል። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ለሆነ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያጠያይቅም። ድስቱን ሳያንቀሳቅሱ መክደን፣ ምድጃውን ማጥፋት፣ እስኪቀዘቅዝም ክዳኑን አለመክፈት ነው። እሳቱ ኦቭን ውስጥ ከሆነ በሩ ተዘግቶ ይቆይ። ነበልባሉ ካልጠፋ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ ዕቃ ይተካል። የተቃጠለ ሰው ካለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ማፍሰስ እንጂ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይገባም።

ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ የጽዳቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን፦

1. በርና መስኮት ይከፈት፤ መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ። ሕፃናትና አስም ያለባቸው ከቤት ይውጡ።

2. ክፍት ሆኖ ጥቀርሻ ያረፈበት ምግብ ይወገድ። የተቃጠለው ዘይትም ተጠልሎ ለነገ አይቀመጥ። ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ጭስ አክሮሊን የተባለ መርዛማ ነገር አለበት፤ ዘይቱም ራሱ ተበላሽቷል። "ማባከን ነው" የሚሉ አሉ። ማባከንስ ጤናን ማባከን ነው! ዘይቱ ሲበርድ ከአመድ ጋር ተለውሶ ይቀበር።

3. አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ጥቀርሻውን መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ማንሳት ነው። በውሃ ከተጀመረ ቅባቱ ግድግዳው ላይ ይለቀለቃል። ቀጥሎ ሙቅ ውሃና ሳሙና።

4. ለደረቀው ቅባት የእናቶቻችን አመድ ጥሩ መድኃኒት ነው። በውስጡ ያለው አልካሊ ቅባቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። እጅን ስለሚበላ ጓንት ወይም ፌስታል ይደረግ። አሉሚኒየም ላይ ግን አይቆይ። በምድጃው ሥር የቀረ ቅባት በሚቀጥለው ቀን ለሌላ እሳት ማገዶ ይሆናልና ጥግ ጥጉ አይረሳ።

5. በረኪና ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አይቀላቀል። ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

6. የገመዱ ፕላስቲክ የቀለጠ ስቶቭ ባለሙያ ሳያየው አይሰካ።

ይህን ሁሉ ጾመኛዋ እህት ብቻዋን ትሥራ ማለት ፍትሕ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባቸውን በቤት ሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ከመኝታ በፊት እሳት እንዲጠፋ ማዘዛቸውንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ አባወራዎች ሆይ! ዘንድሮ ለረመዳን አስቤዛ ስትወጡ ለመጥበሻው የሚገጥም ክዳን ግዙ፤ ጥቀርሻው ሲጠረግም እጃችሁን ሰብስባችሁ አትቀመጡ።

አላህ ቤታችንን ከእሳት አደጋ ይጠብቅልን። አሚን።