ከጄኔቫ እስከ ጀሞ፦ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት የሚያልፍባቸው እጆች

በኢትዮጵያ ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ሲነሳ በአብዛኛው የሚሰማው አስተያየት ሕጉ ጥሩ ነው፣ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው የሚል ሲሆን፣ አባባሉ በስብሰባም በሪፖርትም ከመደጋገሙ የተነሳ እንደ በቂ ማብራሪያ መቆጠር ጀምሯል። ይሁን እንጂ በአንድ ሕግ ውስጥ ካሉ ግዴታዎች ገሚሶቹ ያለ ብዙ ግርግር ሲፈጸሙ የቀሩት በዚያው ተቋምና በዚያው በጀት ሳይፈጸሙ የሚቀሩበትን ምክንያት አያስረዳም። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ከጄኔቫ ተነስቶ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እስኪደርስ የተጓዘበት መንገድ ሲመረመር፣ የአንድን ግዴታ ዕጣ ከሕጉ ጥብቅነትም ሆነ ከሹማምንቱ ቁርጠኝነት ይበልጥ የሚወስነው ግዴታው ከወረቀት ወደ ተግባር እስኪሻገር የሚያልፍባቸው እጆች ብዛት እንደሆነ ይታያል።

የማዕቀፍ ስምምነት የሚባለው አገሮች በመርሆዎችና በዋና ዋና ግዴታዎች ላይ ከተስማሙ በኋላ ዝርዝሩን ቆየት ብለው በሚወጡ ፕሮቶኮሎችና መመሪያዎች እያሟሉ የሚሄዱበት የውል ዓይነት ነው። የትምባሆው ስምምነት በግንቦት 1995 ዓ.ም. በዓለም ጤና ጉባኤ ተቀባይነት አግኝቶ በየካቲት 1997 ዓ.ም. የጸና ሲሆን፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር በድርድር የተደረሰበት የመጀመሪያው ስምምነት ነው፤ ዛሬ 183 ተዋዋዮች አሉት። አስገዳጅ ይባል እንጂ የሚያስገድድበት መሣሪያ ቀጭን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 የትምባሆ ምርቶችን የሚመለከት መመሪያ ሲያወጣ መመሪያውን ወደ አገሩ ሕግ ያላስገባ አባል መንግሥት በኅብረቱ ኮሚሽን አማካይነት ሉክሰምበርግ በሚገኘው ፍርድ ቤት ሊከሰስ እንደሚችል እያወቀ ነበር የሠራው፤ በትምባሆው ስምምነት ግን ተዋዋዮች በየሁለት ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባሉ፣ ሪፖርቱ ይጠናቀራል፣ የተዋዋዮች ጉባኤም ይወያይበታል። 

ኢትዮጵያ ስምምነቱን በየካቲት 1996 ዓ.ም. ብትፈርምም ያጸደቀችው ከአሥር ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 822/2006 ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መንግሥት የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ዋና ባለቤት ስለነበር፣ የመዘግየቱንና የባለቤትነቱን ግንኙነት ለመጠርጠር ብዙ ብልሃት አያስፈልግም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል፤ ሆኖም በኢትዮጵያ አሠራር የማጽደቂያ አዋጅ ብዙውን ጊዜ ስምምነቱ መጽደቁን በጥቂት አንቀጾች ከመግለጽ አልፎ ሙሉ ቃሉን በነጋሪት ጋዜጣ ስለማያወጣ፣ ዳኛውም ሆነ የወረዳው ባለሙያ የአገሩ ሕግ አካል የሆነውን ሰነድ በእጁ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ስምምነቱ በእርግጥ ወደ አገር ቤት የገባው በአምስት ዓመት ዘግይቶ በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው ማለት ይቻላል።

ይህ አዋጅ ከተጠየቀው በላይ ሄዷል። ስምምነቱ የጤና ማስጠንቀቂያ ቢያንስ የፓኬቱን ዋና ገጽ 30 በመቶ እንዲሸፍንና ቢቻል ግማሽ እንዲሆን ሲጠይቅ፣ አዋጁ በምስል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ 70 በመቶ እንዲይዝ ደንግጓል፤ ጣዕምና ሽታ የተጨመረበት ትምባሆን፣ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥን አግዷል፤ ማስታወቂያን በሙሉ ዘግቷል። ማጨስ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከበራቸውና ከመስኮታቸው በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም የተከለከለ ሆኗል። ለማጨሻ የተለየ ክፍል ሳይተው ሙሉ በሙሉ ከጭስ ነፃ ማድረግን ያጠናከረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባንኮክ ላይ በተዋዋዮች ጉባኤ የጸደቀው መመሪያ ሲሆን፣ መመሪያው በራሱ አስገዳጅ ውል አልነበረም። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ሕግ የሆነው ጄኔቫ ላይ የጸደቀው ቃል እንዳለ አይደለም፤ በባንኮክ ተጨምሮበት በፓርላማ ይበልጥ የጠነከረ ሌላ ነገር ነው። ፖሊሲ ከላይ ተሠርቶ ከታች ይፈጸማል የሚለው ሥዕል የሚሰበረው ገና እዚህ ላይ ነው።

ከግዴታዎቹ መካከል የትኞቹ በቀላሉ እንደተፈጸሙ ቢጠየቅ መልሱ የፓኬቱ ምስል፣ የማስታወቂያው እገዳና የጣዕም ክልከላው ነው። የሦስቱ የጋራ ጠባይ አንድ ነው፤ የሚወሰኑት በጥቂት ጠረጴዛዎች ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሲጋራ የሚያመርተው አንድ ድርጅት ብቻ በመሆኑ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የፓኬቱን ንድፍ ለማስለወጥ የሚነጋገረው ከአንድ አምራች ጋር ነው፤ አምራቹ ማተሚያውን አንድ ጊዜ ካስተካከለ ከሞያሌ እስከ ሑመራ የሚደርሰው ኒያላ ሲጋራ ሁሉ ምስሉን ይዞ ይወጣል። ማስታወቂያም ቢሆን ጥቂት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችንና የቢልቦርድ ፈቃድ ሰጪዎችን መቆጣጠር የሚበቃው ነገር ነው።

በዚህ ውስጥ ብዙም የማይነገር ተቃርኖ አለ። የስምምነቱ አንቀጽ 5.3 ተዋዋዮች የጤና ፖሊሲያቸውን ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደርባን ላይ የጸደቀው ማብራሪያም በመንግሥት የተያዘ የትምባሆ ድርጅት ከሌላው የተለየ እንክብካቤ እንዳይደረግለት ይመክራል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ካጸደቀች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 30.95 በመቶውን በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረችለት። የጃፓን መንግሥት ራሱ የስምምነቱ ተዋዋይ ሆኖ ሳለ ከኩባንያው አክሲዮን ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዲይዝ በገዛ ሕጉ ይገደዳል። ስለዚህ ትምባሆን ለመቆጣጠር የፈረሙ ሁለት መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ የአንድ ትምባሆ ፋብሪካ ሻጭና ገዢ ሆነው ተገናኝተዋል። የሚገርመው ግን ለጥቅም ግጭት በር የከፈተው ያው ሞኖፖል የፓኬቱን ግዴታ ለመፈጸም ቀላል ማድረጉ ነው፤ አሥር አምራች ቢኖር ኖሮ ባለሥልጣኑ ከአሥር ጠበቃ ጋር በተከራከረ ነበር።

ብዙ እጅ የሚነካቸው ግዴታዎች ታሪክ ሌላ ነው። ከጭስ ነፃ የመሆን ግዴታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይፈጸምም፤ በእያንዳንዱ ቡና ቤት፣ ግሮሰሪ፣ ጠጅ ቤትና ቢሮ፣ በእያንዳንዱ ማታ እንደ አዲስ ይፈጸማል ወይም ይጣሳል። የፌዴራሉ ባለሥልጣን ደረጃ ያወጣል፤ አዲስ አበባ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ራሷን የማስተዳደር ሥልጣን ያላት በመሆኗ የመቆጣጠሩ ሥራ ወደ ከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ከዚያም በክፍለ ከተማ ወዳሉት ቅርንጫፎቹ ይወርዳል፤ የንግድ ፈቃዱን የሚሰጠው የንግድ ቢሮ መዋቅር ነው፤ በረንዳና መንገድ ላይ የሚደረገውን የሚከታተለው ደንብ ማስከበር ነው፤ ሌሊቱ የፖሊስ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል ማን ቀድሞ መሄድ እንዳለበት የሚወስን አንድ አለቃ በወረዳ ደረጃ የለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን የትምባሆ ተጠቃሚው 5 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ቡና ቤትና ጭፈራ ቤት ከሚሄዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያ ለሌላ ሰው ጭስ ይጋለጡ እንደነበር መገኘቱ ትልቁ ትግል የት እንዳለ ያመለከተ ነበር።

የ10 ሜትሩ ድንጋጌ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚገኘው በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሲታይ የሕግና የቦታ አለመጣጣም በግልጽ ይወጣል። የብሎኮቹ ምድር ቤት ለንግድ የተሠራ በመሆኑ የግሮሰሪው በር ከፀጉር ቤቱ፣ የፀጉር ቤቱ ከሥጋ ቤቱ፣ የሥጋ ቤቱ ከሌላ ግሮሰሪ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዟል፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹም ከደጅ ወጥተው የእግረኛውን መንገድ ይዘዋል። ከአንዱ በር 10 ሜትር የራቀ አጫሽ ከሌላው በር 2 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ቀና ቢል ደግሞ የአንድ ቤተሰብ መኝታ ቤት መስኮት አለ። በሕጉ መሠረት ከተሰላ በመንደሩ ውስጥ ማጨስ የሚፈቀድበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ በተግባር ግን ማጨስ የሚከለከልበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሕጉን ያረቀቀው ሰው ግቢና አጥር ያለው መሥሪያ ቤት እያሰበ ይመስላል። ቁጥሩን ወደ ሚታይ ነገር የሚለውጠው፣ ለምሳሌ ወንበር የወጣበት በረንዳ ሁሉ የቤቱ አካል ተደርጎ ይቆጠር ብሎ የሚወስነው፣ ባለሙያው ነው፤ ይህን ሲወስን ደግሞ ያወቀም ያላወቀም ሕግ እያወጣ ነው።

በአንድ ጠረጴዛ የተፈጸመው ግዴታ ራሱ እዚህ ደርሶ ይሸረሸራል። ሱቅ በደረቴ የሚያዞረው ልጅም ሆነ የመንደሩ ኪዮስክ ሲጋራ የሚሸጠው በአብዛኛው በፍሬ ነው፤ ገዢው አንዷን ፍሬ ተቀብሎ በክር ታስሮ በተንጠለጠለው ላይተር ለኩሶ ይሄዳል። የፓኬቱን 70 በመቶ የያዘው የታመመ ሳንባ ምስል በሻጩ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ማስጠንቀቂያውን በቀን ደጋግሞ የሚያየው ሻጩ ነው፣ እሱ ደግሞ ላያጨስ ይችላል። የስምምነቱ አንቀጽ 16 አገሮች በፍሬ መሸጥን ለመከልከል እንዲጥሩ ይጠይቃል፤ ሆኖም የፓኬቱን ንድፍ ለማስለወጥ አንድ ደብዳቤ ሲበቃ፣ የፍሬውን ሽያጭ ለማስቆም የዕለት ጉርሱን በደረቱ ተሸክሞ የሚዞረውን ልጅ ሁሉ ማሳደድ ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ የሚወድ ወረዳ የለም፤ ባይወድም አይፈረድበትም።

የታችኛው እርከን ግን ዝም ብሎ የሚቀበል ወይም ዝም ብሎ የሚጥል አይደለም፤ ይመርጣል። በከተማዋ ስለ ትምባሆ ቁጥጥር ዜና ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሺሻ ነው፤ ቤት ይታሸጋል፣ የሺሻ ዕቃ ይሰበሰባል፣ በአደባባይ ይቃጠላል። ስምምነቱ ሺሻን ከሲጋራ ለይቶ አያስቀድምም፤ ሺሻን የሚያስቀድመው አካባቢው ነው። ሺሻ ቤት ከጫትና ከወጣቶች ሥነ ምግባር፣ ከጎረቤት አቤቱታና ከጸጥታ ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ፖሊስም፣ ደንብ ማስከበርም፣ የወረዳው አስተዳደርም በየራሳቸው ምክንያት ይስማሙበታል፤ ያጨሰውን ደንበኛ ከቢራ ብርጭቆው ማስነሳት ግን የአንዳቸውም ዋና ሥራ አይደለም። ከላይ የመጣ ፖሊሲ የሚጸናው ከታች ቀድሞ ከነበረ ፍላጎት ጋር በገጠመበት ቦታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የመቀሌ ከተማም ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል፤ ከአዋጅ 1112 አራት ዓመት ቀድማ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስን ስትከለክል ከላይ የሚገፋትን አልጠበቀችም።

የዚህ ሁሉ ልዩነት ወደ ጄኔቫ ሲመለስ ይጠፋል። በየሁለት ዓመቱ የሚላከው ሪፖርት በዋናነት የሚጠይቀው ሕግ መኖር አለመኖሩን፣ ሕጉም ምን ምን ቦታ እንደሚሸፍን በመሆኑ፣ ኢትዮጵያ በዚህ ሚዛን ከብዙ ባለጸጋ አገሮች በላይ ትታያለች። ጀሞ ያለው በረንዳ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ይህ ደግሞ የሪፖርት አቅራቢዎቹ ጥፋት አይደለም፤ ስምምነቱ የተዋዋለው ከመንግሥት ጋር እንጂ ከወረዳ ጋር ባለመሆኑ ዓይኑ ከሚኒስቴር በታች አይወርድም።

ችግሩ የእጅ ብዛት ከሆነ መፍትሔውም እጆቹን ከመገሠጽ ይልቅ ማሳነስ ነው። ኤክሳይዝ ታክስ አንዱ መንገድ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ በማምረቻ ዋጋ ላይ 30 በመቶ፣ በእያንዳንዱ 20 ፍሬ በያዘ ፓኬት ላይ ደግሞ 8 ብር መጣሉ በፋብሪካው በር ላይ አንድ ጊዜ ተከፍሎ እስከ ሱቅ በደረቴው ፍሬ ድረስ የሚደርስ ጫና ፈጥሯል፤ ብር ዋጋው ሲወርድ ግን የተቆረጠ ገንዘብ ካልተከለሰ ይቀልጣል፣ ታክሱ ሲጨምርም ኮንትሮባንዱ ሊበረታ ይችላል። ሌላው መንገድ ከጭስ ነፃ የመሆንን ግዴታ ምግብና መጠጥ ቤቶች ከሚያወጡት የብቃት ማረጋገጫና በየዓመቱ ከሚታደሰው የንግድ ፈቃድ ጋር ማሰር ነው፤ እንዲህ ሲሆን ተቆጣጣሪው በየሌሊቱ እንዲዞር ከመጠበቅ ይልቅ የቤቱ ባለቤት ራሱ ፈቃዱን ለማዳን ሲል አጫሹን ወደ ውጭ እንዲያወጣ ይገደዳል። እንቅፋቱ ፈቃድ የሚያድሰው ጽሕፈት ቤት በዓመቱ መጨረሻ የሚመዘነው ባደሰው ፈቃድ ብዛት እንጂ ሳያድስ በመለሰው አለመሆኑ ነው፤ ከፈቃዱ ጋር ደግሞ ግብር አለ፣ ግብሩም የክፍለ ከተማው ዕቅድ አካል ነው።