የቤተሰብ ፎቶግራፍ በሙጫ አይለጠፍም

ስለ ፎቶግራፍ አሰቃቀል በማኅበራችን መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች ቅንጦት መስሎ ሊታይ ይችላል። የትምህርትና የአገር ጉዳይ እያለ ስለ ፍሬም ምን ያነጋግራል የሚሉም አይጠፉም። ይሁን እንጂ ከአቡ ዳቢ እስከ አል ዐይን የአባሎቻችንን መኖሪያ ክፍሎች ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የእናትና አባት የሠርግ ፎቶግራፍ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የሟች አያት ምስል ከመስተዋት ጋር ተጣብቋል። የብዙዎቹ ኔጌቲቭ የለም፤ ሁለተኛ ቅጂም የላቸውም። ስለዚህ ሲበላሹ የሚጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው፣ ግድግዳውን የሞሉትን የወጣቶች ፊቶች አይረሳም። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ እንደ እኛው ተማሪዎች ነበሩ። ፎቶግራፎቹን በየቤቱ ያቆየ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናነበው ስም ብቻ በሆነ ነበር።

እዚሁ አል ዐይን በአል ጃሂሊ ምሽግ የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን የተዘጋጀለት እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገርም እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሩብ አል ኻሊ በረሃን በግመል ሲያቋርጥ ያነሣቸው ምስሎች ዛሬ የዚህ አገር ሰዎች የአያቶቻቸውን ኑሮ የሚያዩባቸው ሆነዋል። ይህም የሆነው 38,000 ያህል ኔጌቲቮቹ ኦክስፎርድ በሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ስለ ተጠበቁለት ነው። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ዋናው ይጠበቃል፣ ቅጂው ይሰቀላል።

አንዳንዶች «በስልኬ አንሥቼዋለሁ፣ ይበቃል» ይላሉ። ቅጂ ማንሣቱ መልካም ነው፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት። ነገር ግን ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ቅጂ መኖሩም ዋናውን ለማበላሸት ፈቃድ አይሆንም።

ጉዳቱ ከምን ይመጣል? የድሮው ፎቶግራፍ ምስል ያለው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ጄላቲን በተባለ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ መስተዋት ከነካው ይጣበቃል። ያን ጊዜ ለማላቀቅ የሚሞክር ሰው ምስሉን ይገሽልጠዋል። አቡ ዳቢ የባሕር ዳር ከተማ በመሆኗ የሐምሌና የነሐሴ ወበቋ ለዚህ ጉዳት የተመቸ ነው። አል ዐይን ከባሕሩ ርቃ ደረቅ ብትሆንም ፀሐይዋ ቀለም ታደበዝዛለች። ርካሽ ካርቶን ደግሞ በውስጡ ባለው አሲድ ወረቀቱን እያደር ቢጫ ያደርገዋል።

መፍትሔው በእጃችን ነው። አሲድ የሌለበት ወፍራም ካርቶን ገዝተን መሐሉን እንደ መስኮት እንከፍታለን። ለምሳሌ ፎቶግራፉ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ ፍሬሙ 20 በ25 ቢሆን፣ መስኮቱ 9.4 በ14.4 ይሆናል። በዚህም ካርቶኑ የፎቶግራፉን ጠርዝ በየጎኑ በ3 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ግራና ቀኙ 5.3፣ ላዩ 5፣ ታቹ 5.6 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ ታቹ ጥቂት ሲሰፋ ለዓይን ይስማማል። አቆራረጡ በብረት ማስመሪያና በስለታም ምላጭ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከመጫን ደጋግሞ በቀስታ መሳብ ይሻላል። ፎቶግራፉ ከኋላ ባለው ሌላ ካርቶን ላይ ከወረቀት በታጠፉ አራት የማዕዘን ኪሶች ይያዛል። ሙጫው ኪሶቹን ከካርቶኑ ጋር ያያይዛል እንጂ ፎቶግራፉን አይነካም። የፊተኛው ካርቶን ውፍረትም መስተዋቱን ከምስሉ ያርቀዋል። ከሁሉም በላይ ፎቶግራፉ በተፈለገ ጊዜ ሳይጎዳ መውጣት አለበት።

ሱቅ ብንወስደውስ የሚል ይኖራል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ከተገኘ መልካም ነው። ሆኖም አንድ ሱቅ የአንዲት እኅታችንን ፎቶግራፍ በፍሬሙ ልክ ጠርዙን ቆርጦ፣ በሙጫ ከጣውላ ጋር ለጥፎ መለሰላት። ከጀርባው የነበረው የአባቷ የእጅ ጽሑፍ በዚያው ተቀበረ። ስለዚህ ሱቅ የሚሄድ ሰው «አይቆረጥ፣ ሙጫ አይነካው» ብሎ አስቀድሞ ይናገር።

ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም። በኋለኛው ካርቶን ላይ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዘመኑን በእርሳስ እንጻፍ። ዘመኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር መገለጽ አለበት፤ አለዚያ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ለልጆቻችን እናወርሳለን። የማናውቀውን ስም ዛሬውኑ ደውለን እናቶቻችንን እንጠይቅ። ካርቶን ነገም ይገዛል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

በመሆኑም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበሩ አንድ የብረት ማስመሪያ፣ ምላጮችና አሲድ የሌለበት ካርቶን ይግዛ፤ በየሴሚስተሩ አንድ ቅዳሜ በአል ዐይን፣ አንድ ቅዳሜ በአቡ ዳቢ ለዚሁ ሥራ ይመደብ። ምላጭ መያዝ የለመድን የሕክምና ተማሪዎች ለመቁረጡ ፈቃደኞች ነን። አባሎች ፎቶግራፋቸውንና ስሞቹን ይዘው ይምጡ።