ነፍስ የማያጠፋ ስብራት

በሽታንና አደጋን ለመመዘን የተሾመ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይገድላልን?» ብሎ ነው። በጀት የሚመድበውም ሹም እንዲሁ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደም የሚፈሳት ወላድና ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ከሁሉ መቅደም ይገባቸዋልና። ነገር ግን በዚህ ጥያቄ ብቻ የሚመራ አሠራር ብዙ ሰው ይረሳል፤ ይኸውም እጁ ተሰብሮ ወይም ጅማቱ ተቈርጦ ጣቶቹ የተኰማተሩ፣ መንጋጋውም ተሰብሮ ጠሞ የቀረ ሰው ነው። ይህ ሰው አልሞተም፤ ስለዚህም ከሟቾች መዝገብ አልገባም። ድኗልም እንዳይባል ሥራውን አጥቷል። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ሰው፣ ይልቁንም በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስለሚኖረው ነው።

ቤኒሻንጉል ከጥንት ጀምሮ የወርቅ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬም በመንጌና በሸርቆሌ፣ በኩርሙክም በኩል ወንዱ ጕድጓድ እየቈፈረ፣ ሴቲቱ አሸዋውን እያጠበች ያወጡታል። ጕድጓዱ የተናደ ጊዜ ድንጋዩ ፈጥኖ የሚያገኘው ፊትን፣ ፊትንም ለመከላከል የተዘረጋውን እጅ ነው። ቀርከሃውም የአገሩ ጌጥና የቤቱ ማገር ሲሆን፣ በተሰነጠቀ ጊዜ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቈርጣል። የማሽላው ማጭድና የወፍጮው ቀበቶ በዚህ ላይ የተጨመሩ ናቸው። በቅርብ ዘመን ደግሞ ሞተር ሳይክል በየገጠሩ በዛ፤ የራስ መከላከያ ቆብ ሳያደርጉ የሚነዱም ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ወድቆ የሚነሣው ሰው ጥርሱ አልገጥም፣ ጕንጩም ጐድጕዶ ይገኛል።

ስለ እጅ ጥቂት እንናገር። ከአንጓው ጀምሮ እስከ ጣቶቹ ጫፍ 27 አጥንቶች አሉ። ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶች ከክንድ ሥጋ ተነሥተው በጠባብ ቦይ እያለፉ ይወርዳሉ፤ በአጠገባቸውም ስሜትን የሚያመላልሱ ነርቮች አሉ። ማጭድ መዳፍን ሲቈርጥ ቍስሉ ከውጭ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ የተቈረጠው ጅማት ግን እንደ ተበጠሰ ገመድ ወደ ክንድ ይሸሻል። ቈዳው ይሰፋል፣ በሁለተኛው ሳምንት ይገጥማል፤ ጣቱ ግን አይታጠፍም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢታይ ኖሮ ሁለቱን ጫፍ ፈልጎ ማያያዝ በተቻለ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ቦዩ ይጠብባል፣ ጅማቱም ያጥራል፤ ከሌላ ስፍራ ጅማት ቈርጦ መትከል ግድ ይሆናል፤ ውጤቱም እንደ ፊተኛው አይሆንም። ይህን ሁሉ የሚያስቀር ምርመራ ምንም ወጪ የለውም፤ ይኸውም ቈዳውን ከመስፋት በፊት በሽተኛውን «እያንዳንዱን ጣትህን እጠፍ፤ ዘርጋ፤ ስነካህስ ይሰማሃልን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህን ነገር የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን አይደለም። በልጅነታችን ፊደል የቈጠርንባቸው የኔታ ከማስተማራቸው ሌላ ቁም ጸሓፊ ነበሩ። ብራናውን ዳምጠው፣ መቃውን ቀርጸው፣ ቀለሙን በጥብጠው ሲጽፉ እኛ ትንፋሻችንን ይዘን እንመለከት ነበር። አንድ ቀን ከበቅሎ ወድቀው የቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ ተጠርቶ መጣ፤ ደግና በመንደሩ የተመሰገነ ሰው ነበር። አጥንቱን አቀና፣ በቀርከሃ ስንጥር ከበበ፣ በጠፍርም አጥብቆ አሰረ። ሌሊቱን ሙሉ የኔታ «ፍቱልኝ» እያሉ ተማጠኑ፤ በዙሪያቸው የነበርነው ሁሉ ግን ስብራት ሲገጥም ያማል፣ ይታገሡ እያልን አጽናናናቸው። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀረ፤ እኛም ዳኑ ብለን ደስ አለን። ሕመሙ የቀረው ግን እጁ መስማት ስለ ተወ ነበር። አጥንቱ በሚገባ ገጠመ፤ ጣቶቻቸው ግን ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ አስተማሩ፤ ቀደሱም። መቃ ግን ዳግመኛ አልያዙም። ጀምረውት የነበረው መጽሐፍ ከግማሹ ላይ ቆሞ ቀረ።

ኋላ እንደ ተረዳነው ይህ ነገር ስምም ታሪክም ያለው ነው። ፎልክማን የተባለ ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሊቅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1881 ጽፎታል። የጠበቀ ማሰሪያ ደምን ከክንድ ሥጋ ሲከለክል፣ ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ስድስት ሰዓት ያህል ከቈየ ጕዳቱ የማይመለስ ይሆናል። የሞተውም ሥጋ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ሲያጥር ጣቶችን ይስባል። ልብ ሊባል የሚገባው ፎልክማን ይህን ያየው በሐኪም እጅ በታሰረ ፋሻ መሆኑ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የወጌሻ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ያለ ጥንቃቄ የታሰረ ጀሶም ያንኑ ያደርጋል። ምልክቱ ግን የታወቀ ነው፤ ከስብራቱ ልክ ያለፈ ሕመም፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው የሚብስ ሥቃይ፣ እብጠትና መደንዘዝ ነው። እንዲህ ሲሆን ሳይውል ሳያድር ማሰሪያውን መፍታት፣ ካልተሻለም በቀዶ ሕክምና የክንዱን ሽፋን ከፍቶ ሥጋውን ማስተንፈስ ያስፈልጋል።

ካህናት አንባቢዎቻችን እጁ የሰለለችውን ሰው ታሪክ ያውቁታል። ሦስት ወንጌላውያን ጽፈውታል፤ የሰለለችው ቀኝ እጁ መሆንዋን ለይቶ የነገረን ግን ባለመድኃኒቱ ሉቃስ ብቻ ነው። ሐኪም ሲጽፍ እንዲህ ነው፤ የትኛው እጅ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ሰውየው በየትኛው እጁ እንጀራውን እንደሚያበስል ማወቅ ይሻልና።

ወደ ፊት አጥንት እንለፍ። የተሰበረ መንጋጋ መጀመሪያ የሚያሠጋው በትንፋሽ ነው፤ ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ ጕሮሮን ሊዘጋ ስለሚችል፣ የተጐዳው ሰው ራሱን የሚያውቅ ከሆነ ወደ ፊት አዘንብሎ ተቀምጦ ደሙን እንዲተፋ ማድረግ ይገባል እንጂ በጀርባው ማንጋለል አይገባም። ይህ ካለፈ በኋላ ያለው ሕክምና ሰዎች እንደሚያስቡት የረቀቀ አይደለም። ሂፖክራጥስ ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት ጥርስን ከጥርስ በወርቅ ክር፣ ወርቅ ከሌለም በተልባ እግር ክር አስሮ መንጋጋን መጠገን እንደሚገባ አስተምሯል። ዛሬም ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ መሠረቱ ይኸው ነው፤ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጋር በብረት ሽቦ ይታሰራል፣ በሽተኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አጥሚትና ሾርባ እየጠጣ ይሰነብታል፣ አጥንቱም ይገጥማል። ስብራቱ የከፋ ሲሆን ትናንሽ የቲታኒየም ሳሕኖች በብሎን ይታሰራሉ። የወርቅ አገር የሆነው ሕዝብ ለአንድ ክንድ ሽቦ ሲል ፊቱ ጠሞ ቢቀር እጅግ ያሳዝናል።

ጠሞ መቅረቱም ለመልክ ብቻ የሚታሰብ አይደለም። ጥርሱ ያልገጠመ ሰው ማኘክ አይችልም፤ የዓይኑ ጕድጓድ የተሰበረ ሰው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፤ መንጋጋው የተቈለፈ ልጅ አፉን ሳይከፍት ያድጋል። በገበያም በሸንጎም ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ የሚውል ሰው እንዳለ ያላየ የለም።

ዋናው ችግር ጊዜና መንገድ ናቸው። የፊት አጥንት በሁለት ሳምንት ውስጥ መያያዝ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ለማቅናት የሚሻ ሐኪም እንደ ገና መስበር ሊኖርበት ይችላል። የፊትና የእጅ ቀዶ ሕክምና ሊቃውንት ግን አብዛኞቹ የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። መንገዱ በነቀምትና በጊምቢ፣ በመንዲም አድርጎ የሚሄድ ሲሆን፣ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት የተዘጋበት ጊዜም ነበር። አውሮፕላን አለ፤ ዋጋውን ግን ወርቅ አጣቢዋ አትችለውም። ስለዚህ «ሪፈር» ተብሎ ወረቀት የተሰጠው ሰው አስቀድሞ ፍየል ይሸጣል፣ ዘመድ ይለምናል፣ በከተማም ማደሪያ ይፈልጋል፣ ከዚያም ወረፋ ይጠብቃል። ወረቀቱ በእውነት ከተጻፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ቢያልፍ፣ ሐኪሙ የሚያየው ስብራትን ሳይሆን የስብራትን ጠባሳ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት ሕክምና ብሎ መጥራት እውነትን አያስከብርም።

«ይህ ጥበብ ለአገራችን ገና ነው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት፣ በሥጋ ደዌ ጣቶቻቸው ለታጠፉ ሰዎች ጤነኛ ጅማት ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እያዛወረ እጃቸውን ሲመልስ ኖሯል። ይህን ጥበብ በሕንድ አገር በቬሎር ያስፋፋው እንግሊዛዊው ጳውሎስ ብራንድ ነው፤ እርሱም ሲጀምር ብዙዎች ለእነዚህ እጆች መድከም ከንቱ ነው ይሉት ነበር። እንግዲህ በዓለም ከሁሉ ይልቅ የተናቀው በሽተኛ እጁ በአገራችን ሲታከም፣ የወርቅ ቈፋሪው እጅ አይታከምም የምንለው በምን ምክንያት ነው?

ሠራተኛም ቢሆን ጨርሶ አልታጣም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2009 ጀምሮ መንግሥት የጤና መኰንኖችን ሦስት ዓመት እያስተማረ፣ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አድርጎ ከከተማ ርቀው ወዳሉ ሆስፒታሎች ሲልክ ቈይቷል። እናቶችን በማዋለድ ያዳኑት ሕይወት ብዙ ነው። እኛ የምንለው ለእነዚህ ሰዎች፣ በአሶሳና በፓዌም ላሉት ሐኪሞች፣ ጥርስን በሽቦ ማሰር፣ ጅማትን መመርመርና መስፋት፣ የታፈነ ክንድን ከፍቶ ማስተንፈስ ተጨምሮ ይሰጣቸው፤ ሊቃውንቱም በዘመቻ አንድ ሳምንት መጥተው ከመመለስ ይልቅ በተራ እየተመደቡ በዚያው ያስተምሩ ነው። የራጁን ሥዕል በስልክ ልኮ ምክር መጠየቅም ዛሬ ቀላል ሆኗል። ከቀዶ ሕክምናም በኋላ ጣቶቹን ለሳምንታት የሚያለማምድ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ ከሌለ፣ የተሰፋው ጅማት ከዙሪያው ጋር ተጣብቆ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና ይህ አይዘንጋ።

ወጌሻውንስ? አንዳንድ ባለሥልጣኖች እንዲከለከል ይሻሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የኔታን እጅ ያሳጣው ሰው ክፋት አልነበረበትም፤ አንድ ነገር ብቻ አልተነገረውም። በመንደር ያለው እርሱ ነው፤ በሌሊትም የሚነሣው እርሱ ነው። ቢከለከል በስውር ያስራል፤ የተበላሸውንም ወደ ሐኪም ለመላክ ይፈራል። ቢጠራና ቢማር ግን የጣቶች ጫፍ እንዲታይ አድርጎ ማሰርን፣ «ፍቱልኝ» ሲባል መፍታትን፣ አጥንቱ ቈዳ ቀዶ የወጣውንና ጥርሱ ያልገጠመውን ሳያሽ መላክን አንድ ቀን በማይሞላ ጊዜ ይረዳል።

በዚህ ነገር የካህናትና የሼሆች ቃል ከሹም ደብዳቤ ይበልጣል። በሽተኛው ጸበሉን ይጠጣ፣ ዱዓውንም ያስደርግ፤ የታሰረው ክንዱ ግን ሲጠቍር ሰባት ቀን እስኪፈጸም አይጠበቅ። ወርቅ ለማውጣት ፈቃድ የተሰጣቸውም ማኅበራት በየጕድጓዱ አፍ ንጹሕ ፋሻና የተጐዳውን የሚያደርስ መጓጓዣ እንዲያዘጋጁ ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሊያስገድዳቸው ይችላል። የሆስፒታሉ ሽቦና መሰርሰሪያ የሐምሌን በጀት ይጠብቅ ይሆናል፤ ወጌሾቹን በየወረዳው ሰብስቦ ለማነጋገር ግን አንድ ደብዳቤና አንድ የገበያ ቀን ይበቃል።