«ሰነፍክ አሉኝ!»

ዛሬ የምንመልሰው አንድ የ41 ዓመት ወንድማችን የላኩልንን ደብዳቤ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል።

«እናቴ እንደምትለኝ ስወለድ ምጡ በጣም ረዝሞባት ነበር። ሰፈርተኛው ‹ፖሊዮ ነው› ሲል ኖሯል። ሴሬብራል ፓልሲ መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ በክራንች መራመድ ቻልኩ፤ ተምሬ ሥራ ያዝኩ፤ ታክሲ ተጋፍቼ እመላለስ ነበር። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ግን ጉልበቴንና ወገቤን ያመኛል፤ ማታ ቤቴ ስገባ ሬሳ ነኝ። ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ቤተሰቦቼ ‹ድሮ ትሄድ አልነበር? አሁን ሰነፍክ› ይሉኛል። ሐኪም ቤት ስሄድ ‹ይሄ የልጆች በሽታ ነው› አሉኝ፤ ጥያቄውንም የሚጠይቁት እናቴን ነው። እሷ 70 አልፏታል። በሽታው እየባሰብኝ ነው ወይስ እውነት ሰንፌአለሁ? ለጽሑፌ መበላሸት ይቅርታ፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።»

ወንድማችን፣ አልሰነፉም! ይህን አስቀድመን እንናገርና ወደ ነገሩ እንግባ።

ሴሬብራል ፓልሲ በጽንስነት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከተወለዱ ብዙም ሳይቆይ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ፖሊዮ በቫይረስ የሚመጣና ጡንቻን የሚያልፈሰፍስ ሲሆን፣ ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻን ወጥሮ ይይዛል። የአንጎሉ ጉዳት በዕድሜ አይጨምርም። የሚለወጠው ሰውነቱ ነው። 41 ዓመት ሙሉ የተወጠረ ጡንቻ መገጣጠሚያን ሲጎትት ኖሮ ጉልበትና ዳሌ ከሌላው ሰው ቀድመው ቢያልቁ ምን ይገርማል? አንዲት እርምጃ ለመራመድ የሚያወጡት ኃይልም ከሌላው ሰው በጣም ይበልጣል። በልጅነቱ ይራመድ የነበረ ሰው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜው አካሄዱ መዳከሙ በሕክምናው የታወቀ ነው።

«የልጆች በሽታ» ላሉት ደግሞ፣ ልጆቹ አድገው የት የሚሄዱ መስሏቸው ይሆን? ለነገሩ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ዶክተር ዊሊያም ጆን ሊትል ስለዚህ ችግር ማስተማር የጀመሩት በ1843 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንግሊዞች ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ያወጡት ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። አይ የሰው ነገር!

እኛን ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ግን መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረጓት የጣት መደንዘዝ ናት። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት አዋቂ ሰው፣ በተለይ አንገቱ ያለፈቃዱ የሚወዛወዝ ወይም የሚወጠር ከሆነ፣ የአንገቱ አጥንቶች ቀድመው አርጅተው ኅብለ ሰረሰሩን ሊጫኑት ይችላሉ። እጅ ይደነዝዛል፣ ዕቃ ከእጅ ይወድቃል፣ እግር በፍጥነት ይደክማል፣ ሽንት አልቆጣጠር ይላል። ሰዉም ሐኪሙም «ያው የድሮው በሽታ ነው» ብለው ያልፉታል፤ ከዘገየ ደግሞ የጠፋው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ያራዝማሉ ብለው ሳይፈሩ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና «አንገቴን ይመርምሩልኝ፣ ይህ አዲስ ነው» ይበሉ። ኤምአርአይ ሊያዙልዎ ይችላሉ። የሽንቱ ነገር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው!

እስከዚያው አደራ፣ አንገትዎን ወጌሻ እንዳይነካው! ለወትሮውም ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው አጥንቱ ስለሚሳሳ በኃይል ሲሳብ ሊሰበር ይችላል። መወጠሩን የሚያላላ እንደ ባክሎፌን ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት እንዳያቋርጡ።

ለጉልበትዎና ለወገብዎ አዋቂዎችን የሚያይ ፊዚዮቴራፒስት ይፈልጉ። ቤት ውስጥ በክራንች፣ ለረጅም መንገድ በተሽከርካሪ ወንበር መጠቀም መሸነፍ አይደለም፤ ጉልበት መቆጠብ ነው። ቤተሰብ ቢያጉረመርም ይህን ጋዜጣ ያስነብቡልን።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ መቼ ምን እንደጀመረዎ በወረቀት አስጽፈው ይያዙ። እናትዎ አብረው ይግቡ፣ ግድ የለም። ሐኪሙ ፊት ያለችውን ወንበር ግን እርስዎ ይያዟት።