የተዘጋ ኢሜይል መክፈቻው ከሲም ካርዱ ይጀምራል

ሮብ ገበያ፦ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ኢሜይል የለኝም ቢልም አብዛኛውን ጊዜ ኢሜይል አለው። ቴሌግራምንም ሆነ ሌላ መተግበሪያን ከፕሌይ ስቶር ለማውረድ የጉግል አካውንት መክፈት ግድ ይላል። ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉት የገጠር ከተሞች እንደሚታየው ይህን አካውንት የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ስልኩን የሸጠው ባለሱቅ ወይም በቤት ያለ ተማሪ ነው። የይለፍ ቃሉም በተጻፈበት ቀን ይረሳል። የአካውንቱ መኖር የሚታወቀው ስልኩ የተሰረቀ፣ የተሰበረ ወይም በሌላ የተቀየረ ዕለት ነው።

በዚያ ዕለት የሚታጣው ነገር ቀላል አይደለም። የዘመድና የደንበኛ ስልክ ቁጥሮች፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የዲቪ ማመልከቻ መለያ ቁጥር፣ ለሥራ ማመልከቻ የተሰጠ ምላሽ፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ የላከው ሰነድ ሁሉ በዚያው አካውንት ሥር በኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣሉ። አካውንቱ ሲዘጋ ኢሜይሉ፣ ፎቶውና ሰነዱ በአንድነት ይዘጋሉ።

መክፈቻው የት አለ? ጉግል የይለፍ ቃሉን የረሳ ተጠቃሚ ባለቤት መሆኑን የሚያረጋግጥበት ዋናው መንገድ ቀድሞ በተመዘገበው ስልክ ቁጥር ወይም ተጠባባቂ ኢሜይል የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ነው። ተጠባባቂ ኢሜይል ላላስመዘገበ ሰው ደግሞ ያለው ተስፋ በሲም ካርዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሲሙ ከጠፋ ኮዱ አይደርስም፤ ኮዱ ካልደረሰ አካውንቱ አይከፈትም።

ስለዚህ አካውንት የማስመለሱ ሥራ ከስልኩ ገጽ በፊት በቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ይጀምራል። ሲሙ በስሙ የተመዘገበለት ደንበኛ መታወቂያውን ይዞ በመቅረብ በቀድሞው ቁጥር ምትክ ሲም ማውጣት ይችላል። ችግር የሚገጥመው በወንድሙ፣ በጎረቤቱ ወይም በማያውቀው ሰው ስም በወጣ ሲም የሚጠቀም ሰው ነው። በሕግ ፊት ቁጥሩ የእርሱ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ቁጥርም ተቋርጦ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የማረጋገጫ ኮዱ በማይታወቅ ሰው እጅ ይገባል።

በአማራ ክልል ይህን ችግር ያባባሰ ሌላ ምክንያትም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በተፈጠረው የጸጥታ ችግር የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ በአንዳንድ አካባቢዎች የስልክ ጥሪም ጭምር ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ላይ ጉግል ለ2 ዓመታት ምንም እንቅስቃሴ ያልታየባቸውን የግል አካውንቶች እስከነይዘታቸው መሰረዝ እንደሚጀምር አስታውቆ ነበር። ውሳኔው ከኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ሊሆን ችሏል። ማስጠንቀቂያው የሚላከው ለራሱ ለአካውንቱና ለተጠባባቂ ኢሜይሉ ነው፤ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ግን መልእክቱን ሊያይ አይችልም። የ2 ዓመቱ ቆጠራ መስመር በመቋረጡ ምክንያት አይቆምም። ስለሆነም መስመር ሲገኝ አንድ ጊዜ ገብቶ ኢሜይል ማንበብ ወይም በአካውንቱ ዩቲዩብ መመልከት አካውንቱን በሕይወት ያቆየዋል።

የተዘጋ የሚመስል አካውንት ሁሉ በአንድ ምክንያት እንዳልተዘጋ መለየት ያስፈልጋል። ኢሜይል መግባት ካቆመና ፎቶ አልጫን ካለ፣ ምክንያቱ የማከማቻው መሙላት ሊሆን ይችላል። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል፣ ለፎቶና ለሰነድ በጋራ የሚያገለግል ነው። ረጃጅም ቪዲዮዎችን ማጥፋትና የተጣሉ ፋይሎች የሚከማቹበትን ቅርጫት ባዶ ማድረግ አገልግሎቱን ይመልሳል። አካውንቱ ከተፈቀደው መጠን በላይ ሞልቶ 2 ዓመት ከቆየ ግን ይዘቱ ሊሰረዝ ይችላል።

የይለፍ ቃል የተረሳ እንደሆነ ደግሞ ሙከራውን ቀድሞ አካውንቱ ይከፈትበት በነበረው ስልክ፣ በተለመደው ቦታና በተለመደው ዋይፋይ ማድረግ የተሻለ ውጤት አለው። ጉግል ባለቤቱን ከሌባ የሚለየው በእነዚህ ምልክቶች ጭምር ነው። ከማያውቁት ከተማ፣ በባለሱቅ ስልክ የሚደረግ ተደጋጋሚ ሙከራ ጥርጣሬን ይጨምራል። የቀድሞውን የይለፍ ቃል በትክክል የማያስታውስ ሰውም የሚገምተውን ቢሞላ ጥያቄውን ከመዝለል ይሻላል። ሌላ ሰው ሰርጎ ገብቶ የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር ቀይሮት ከሆነ፣ ኮዱን በቀድሞው ቁጥር ለመቀበል የሚቻልበት ጊዜ 7 ቀን ብቻ በመሆኑ መዘግየት አይገባም።

ሦስተኛው ዓይነት መዘጋት ደንብ ተጥሷል በሚል በራሱ በጉግል የሚወሰን እገዳ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ አካውንቱ ለመግባት ሲሞከር የእገዳው መልእክት ይወጣል፤ ይግባኝ ማቅረቢያውም እዚያው ይገኛል። ይግባኙ አጭር፣ እውነተኛና በባለቤቱ የተጻፈ መሆን ይኖርበታል።

ወረፋ ተይዞ የሚቀረብበት መስኮት አለመኖሩ ለአጭበርባሪዎች በር ከፍቷል። በቴሌግራም «የተዘጋ አካውንት እናስከፍታለን» እያሉ ገንዘብና የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቁ አሉ። ጉግል የይለፍ ቃል እንመልሳለን ከሚሉ አካላት ጋር እንደማይሠራ በግልጽ አስታውቋል። ኮዱን ለሌላ ሰው መንገር የቤትን ቁልፍ አሳልፎ እንደመስጠት ነው። ያለፈቃድ የሌላን ሰው አካውንት መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ድርጊት መሆኑም ሊታወቅ ይገባል።

ከመዘጋቱ በፊት የሚደረገው ጥንቃቄ ግን ወጪ የለውም። ሲሙን በራስ ስም ማስመዝገብ ቀዳሚው ነው። ቀጥሎም የታመነ የቤተሰብ አባል ኢሜይል በተጠባባቂነት ማስገባት፣ ከዚያም የባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን በመክፈት ጉግል የሚሰጣቸውን 10 ተጠባባቂ ኮዶች በወረቀት መገልበጥ ይገባል። እያንዳንዱ ኮድ 8 አኃዝ ያለው ሲሆን አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ ሲም ቢጠፋም፣ መስመር ለመልእክት ባይበቃም፣ ኢንተርኔት በተገኘበት ቦታ አካውንቱን ይከፍታል።

ይህን ለማስተማር አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም። የትምህርት ቤቶች የአይሲቲ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና ስልክ ሻጮች ከነዋሪው ጋር በየዕለቱ ይገናኛሉ። ስልክ የሚሸጥ ባለሱቅ የከፈተውን አካውንት ስምና የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ ለገዥው ማስረከብን እንደ ደረሰኝ ቢቆጥረው ብዙ ችግር ይቀላል። አርሶ አደሩም ያችን ወረቀት የይዞታ ደብተሩን በሚያኖርበት ሳጥን ውስጥ ቢያኖራት፣ የመሬቱን ማስረጃ በሚጠብቅበት ጥንቃቄ የስልኩን ሰነድም ይጠብቃል።