194,313፦ ልንመረምረው የሚገባ ቁጥር

መስከረም ሲጠባ ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ በየሱቁና በየቢሮው ግድግዳ ላይ አዲስ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀላል። በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን ከዚያ እናነባለን፤ ቀኑ እንዴት እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። መልሱ የሚገኘው በባሕረ ሐሳብ ነው፤ ባሕረ ሐሳብም ከሃይማኖታዊ አገልግሎቱ ባሻገር የቁጥር ትምህርት ነው።

ሦስት ዑደቶችን እንውሰድ። ሳምንት 7 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። የጨረቃ ልደት ወደ ቀደመው የወር ቀን የሚመለሰው በ19 ዓመት ነው። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው የሦስቱ ብዜት 532 ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር የሚሉት ይህንኑ ነው። ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርገን 532 ጊዜ ብናባዛው 194,313 ቀናት ይሆናል። ይህ ቁጥር በብቸኛ ቁጥሮች ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ነው። ለ7 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ከ532 ዓመት በኋላ ዕለቱ፣ ቀኑና የጨረቃው ሌሊት እንደገና ይገጥማሉ። የ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነው፤ በቀመሩ መሠረት የ1486 ዓ.ም. ትንሣኤም፣ በአፄ እስክንድር ዘመን፣ በዚሁ ቀን ነበር።

አንባቢ ራሱ ይሞክረው። በ2018 ላይ 5500 ብንደምር 7518 እናገኛለን። ይህን ለ4 አካፍለን፣ ቀሪውን ትተን፣ ድርሻውን 1879 ብንደምርበት 9397 ይሆናል። ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው። ማክሰኞን 1፣ ረቡዕን 2 ብለን ስንቆጥር 3 ሐሙስ ነው፤ የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ቀሪው 0 ከሆነ ዕለቱ ሰኞ ነው። ይህን ስሌት የየትኛውም እምነት ተከታይ በልደት ዓመቱ ሊፈትነው ይችላል።

እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች የምስጢራዊ ጥበብ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ ወገኖች አሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ለቅርሱ ክብር አይጨምርለትም። የ19 ዓመቱን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ያውቀው ነበር፤ የእኛ ሊቃውንት ከእስክንድርያ የተቀበሉትን ስሌት በግእዝ ጠብቀውና አስተምረው ለእኛ አድርሰዋል። ቀመሩ ስሕተትም አለው። የፀሐይ ዓመት አማካይ ርዝመት 365.2422 ቀን ገደማ ስለሆነ በ532 ዓመት ውስጥ ከ4 ቀን በላይ ልዩነት ይከማቻል። ይህን መናገር ሊቃውንቱን ማቃለል አይደለም። በፊዚክስም ቢሆን የስሕተቱ መጠን ያልተነገረ ልኬት ሙሉ ልኬት አይባልም።

ስለዚህ የሒሳብ መምህራን የማካፈልንና የቀሪን ትምህርት ሲያስተምሩ ከሰዓት ምሳሌ ጎን ለጎን ይህንንም እንዲያቀርቡ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ስሌቱን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፈው እንዲፈትሹት አሳስባለሁ። ሒሳብ ከውጭ በመጽሐፍ ታሽጎ የመጣ ዕውቀት ብቻ የሚመስለው ተማሪ ቀመር ይሸመድዳል እንጂ ቀመር ለመመርመር አይደፍርም። በየግድግዳው የተሰቀለውን ስሌት በእጁ ሠርቶ ትክክሉንም ጉድለቱንም ያገኘ ተማሪ ግን ነገ ሌላውንም ለመፈተሽ ይበቃል።